ጨው የተቀባሁበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ሱሉልታ ላይ መብራት ለመጥፋት ሰበብ አይፈልግም፤ ሰማዩ ዳር ዳሩን ማጉረምረም ሲጀምር የእኛ ሰፈር አምፖሎች ዝናቡ ሳይመጣ ቀድመው ድርግም ይላሉ። እማዬ ጨለማ ውስጥ የሚታጠበውን የወተት ዕቃ እያሰበች ታማርራለች። እኔ ግን ወደ ምድጃው ነበር የምሮጠው። መብራት ከሌለ ቴሌቪዥን የለም፣ ቴሌቪዥን ከሌለ ደግሞ አካኮ ያወራሉ።

አካኮ የአባቴ አባት ናቸው። ሰፈሩ ኦቦ ቶላ ይላቸዋል፤ እኛ ልጆቹ ግን በኦሮምኛ አያትን እንደምንጠራው አካኮ እንላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ያረቡ፣ ድርቆሽ ያጨዱ፣ ከነጋዴ ጋር የተከራከሩ ሰው ናቸው፤ ተረት ሲያወሩም የሚከራከሩ ነው የሚመስሉት። መሃል ላይ ያስነጠሰ ልጅ «ጨረስክ? ልቀጥል?» ይባላል። እንደ ሌላው ሰው «ተረት ተረት» ብለው አይጀምሩም። እኛ «የላም በረት» ለማለት አፋችንን ከፍተን ስንጠብቅ «በረቱ ያው እዚያ ነው፣ ማየት የፈለገ ሄዶ ይይ» ይሉና ቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባሉ። እውነታቸውን ነው፤ በረቱ ከምድጃው ጀርባ፣ ከአንድ የጭቃ ግድግዳ ወዲያ ነበር። የኩበቱ ፍም ሲቀላ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ ስትርገበገብ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ እኛ ወደ ፍሙ ስንጠጋ፣ ከግድግዳው ወዲያ ላሞቹ ሲያመሰኩ እየተሰማን ነበር የምናዳምጠው። የጎረቤት ልጆችም ይመጣሉ። እማዬ ጥግ ላይ ሆና ሥራዋን ትሠራለች፤ አባቴ ፋብሪካ ጥበቃ ስለነበር ማታ ማታ አይኖርም።

አካኮ ተረታቸውን ከየትም ይጀምሩት ከየት፣ መጨረሻው እግዚአብሔር ዘንድ ነበር የሚደርሰው። ቀበሮውም ዝንጀሮውም ዞሮ ዞሮ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው የሚገኘው። እኛ ያኔ መጨረሻውን ብዙም አንወደውም ነበር፤ ጅቡ ሲበላ እንጂ ጅቡ ሲመከር ማን ይወዳል? በኋላ ላይ ግን አንድ ተረት መጨረሻውን ሳልሰማ ቀረሁና ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ አየሁት።

ሰባት ዓመቴ ላይ እማዬ አረገዘች። ከአባቴ ጋር ተጋብተው ብዙ ዓመት ልጅ አልወለዱም ነበር፤ ይህን ግን እኔ አላውቅም፤ እኔ እያለሁ እንዴት ልጅ የላቸውም ይባላል? የእርግዝናዋ ወር ሲገፋ ወተት ወደሚረከበው መኪና እኔ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ጭጋጉ ገና ሳይገለጥ ጄሪካኔን ይዤ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ።

«አስካለን እግዚአብሔር አሰባት» አለች አንዷ።

«ተመስገን ነው። እንግዲህ ያችን ጉዲፈቻዋን ምን ታደርጋት ይሆን? የራሷ ከመጣ በኋላ የሰው ልጅ ማን ዞሮ ያያል? ይመልሷታል መሰለኝ።»

አስካለ እናቴ ናት። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሌላ ልጅ የለም። ጉዲፈቻ ምን እንደሆነም አውቃለሁ፤ ሰፈራችን ውስጥ ከዘመድ ቤት መጥተው እንደ ልጅ የሚያድጉ ልጆች ነበሩ፣ ማንም አይደብቀውም። የእኔን የደበቁኝ እማዬ እንዲነገረኝ ስላልፈለገች ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ያኔ ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሕፃኑ ሲወለድ እኔን ይመልሱኛል። ወዴት እንደሚመልሱኝ ደግሞ አላውቅም። ወተቱን አስረክቤ ተመለስኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደብ ገዛሁ። ሳልታዘዝ ኩበት እለቅማለሁ፣ ሳልጠራ እመጣለሁ፣ ምግብ ሲጨመርልኝ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። እማዬ ግራ ገባት። «ይህች ልጅ ደህና ናት?» ትላቸዋለች አካኮን። አካኮ ደግሞ «ደህና ባትሆን ነው እንጂ ልጅ መቼ እንዲህ ይሆናል?» ይላሉ። እኔ ግን ተስፋዬ እሱ ነበር፤ ጠቃሚ ልጅ ከሆንኩ ያስቀሩኛል ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት መብራት ጠፋና አካኮ ጀመሩ።

«አንዲት ላም ነበረች፤ እንደኛዋ እንደ ዳለቻ እልኸኛ። እዚያው በረት ውስጥ እናቱ የሞተችበት ጥጃ አለ። ርቦት ይጠጋታል፣ በእርግጫ ትለዋለች። ደግሞ ይጠጋል፣ ደግሞ ትለዋለች። የላሟ ባለቤት ባልቴት ናት። ብልህ ናት፤ ላሟን አልደበደበችም፣ አልለመነችም። እፍኝ ጨው በውሃ አሟምታ የጥጃውን ጀርባ አሸችው። ላምና ጨው ታውቃላችሁ። ጀርባውን ላሰች፣ አንገቱን ላሰች፣ ጆሮውን ላሰች። በሦስተኛው ቀን እሱ ራቅ ሲል ትጮህ ጀመር። ከዚያ ወዲያ የሷው ነው፤ ጅብ ቢመጣ የምትሞትለት ሆነች።»

ይህ ዝም ብሎ ተረት አይደለም፤ ሱሉልታ ላይ ላም ያረባ ሁሉ እናት የሞተችበትን ጥጃ እንዲህ ነው የሚያስለምደው፤ እኔም በእኛው በረት አይቼዋለሁ። ስለዚህ አልተጠራጠርኩም። «አካኮ፣ ጨው ባይኖርስ?» አልኳቸው።

«ጨው ባይኖርማ ይሞታል። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አሉና ወደ መጨረሻው ሊሄዱ ሲሉ መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ በራሱ ጮኸ፣ ልጆቹ ዘለው ተነሡ፣ አካኮ ተቆጡ። «የቀረውን እንግዲህ እሱ ይንገራችሁ» ብለው ቴሌቪዥኑን በከዘራቸው አመለከቱና ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ሲመሻሽ ጓዳ ገባሁ። ከጨው ጣሳው ሁለት እፍኝ ዘገንኩ፣ በውሃ አራስኩት፣ ፊቴን፣ አንገቴን፣ እጄን አሸሁ። ክርኔ ላይ የተጫረ ቁስል ነበረኝ፤ እንደ እሳት ለበለበኝ። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። ጨው ካልነካው ቦታ እማዬ እንዳትጀምር ብዬ ጆሮዬን እንኳ አልተውኩም። ከዚያ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

መብራቱ ያን ምሽትም አልነበረም። እማዬ በኩራዟ ብርሃን አየት አደረገችኝና «ዱቄት ውስጥ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለች። ጉንጬን በጣቷ ጠረግ አድርጋ ቀመሰችው። «ጨው ነው እኮ» አለች እየሳቀች። «ልጄ፣ ማን ሊበላሽ ነው የተቀመምሽው?»

መሳቅ አቃተኝ። «ላሺኝ» አልኳት።

«ምን?»

«እንደ ላሟ ላሺኝ። ሕፃኑ ሲመጣ እንዳትመልሱኝ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። እማዬ መጀመሪያ ወደ አካኮ ዞረች፤ አካኮ ፍሙን እያዩ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። እሳቸው ጥፋቱ የኔ ነው ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እማዬ ሆዷ የፈቀደላትን ያህል ጎንበስ ብላ ራሴን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባሬን ላሰችኝ። እንደቀልድ አይደለም፤ እንባዋ እየወረደ ደጋግማ ላሰችኝ። ከዚያ ማን እንደነገረኝ ጠየቀች፤ የሰልፉን ወሬ ነገርኳት። የወለደችኝ በሆለታ በኩል ያለች የአባቴ ዘመድ እንደነበረችና እኔን ስትወልድ እንዳረፈች የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

አካኮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢንተላኮ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ሆዳቸው ሲራራ ወደ ኦሮምኛቸው ነው የሚሄዱት። «ትናንት መብራቱ አቋረጠኝ እንጂ ተረቱ አላለቀም። ላም ከብት ናት፤ ጨው ካልቀመሰች አትወድም። ሰውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። እግዚአብሔር ግን ጨው አይፈልግም። እኛ የምንቀባው ነገር ሳይኖረን ነው የወሰደን። ልናገር የነበረው ይህን ነው።»

«የአርባ ቀን ልጅ ሆነሽ ሽማግሌ ፊት ስትቀርቢ እዚያ ነበርኩ» ብለው ቀጠሉ። «አባትሽ ቆሞ፣ ይህችን ልጅ ከቤቴ ባወጣ እግዚአብሔር እኔን ከቤቱ ያውጣኝ ብሎ ማለ። እንግዲህ አንቺን ለመመለስ መጀመሪያ አባትሽ መውጣት አለበት። እሱ ደግሞ የትም አይሄድም፤ ከጥበቃ መልስ ከአልጋ የሚያነሳው የለም።»

እማዬ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ግን አሁንም አንድ ነገር ከበደኝ። «ጉዲፈቻ መሆኔ ግን አይቀርም» አልኩ።

«ማን ያልሆነ አለ?» አሉ ቆጣ ብለው። «እግዚአብሔር የባሕርይ ልጁ አንድ ነው። ሌላው ሁሉ በጸጋ፣ በጉዲፈቻ የገባ ነው። እኔም፣ እናትሽም፣ መምሬም ጭምር። ሰልፍ ላይ የምታወራዋም፤ እሷን እንኳ እንዴት እንደወሰዳት አይገባኝም።»

አምኛቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ምሽት ፍርሃቱ አይለቀውም። ወንድሜ ገመቹ ተወልዶ ወደ ቤት ሲመጣ ሰፈሩ እልል አለ፤ እኔ ግን ያዢው ስባል እጄን ከኋላዬ አደርጋለሁ። ብይዘውና ቢያለቅስ፣ ብጥለውስ? የራሳቸውን ልጅ ያስለቀሰች ጉዲፈቻ ምን ትሆናለች? ሌሊት ሲያለቅስ እኔ ነኝ ያስለቀስኩት እየመሰለኝ እነቃለሁ። አርባው ቀን እንዲሁ አለፈ።

አርባው ሲሞላ ክርስትና ሊነሣ ገና ጎሕ ሲቀድ ቤተክርስቲያን ሄድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መምሬ ሕፃኑን ራቁቱን ተቀብለው ውሃው ውስጥ ሲያጠልቁት ጩኸቱ ግቢውን ሞላው፤ ሦስቴ አጠለቁት፤ እኔ የአካኮን ጋቢ ጨምድጄ ይዣለሁ። ቅብዐ ሜሮኑን ቀብተው፣ አንገቱ ላይ ማዕተቡን አስረው ለክርስትና አባቱ ሲያስረክቡት፣ መምሬ ፊታቸው በርቶ «እነሆ ዛሬ የሥላሴን ልጅነት አገኘ» አሉ።

አሰብኩ። የአካኮን ጋቢ ጎተትኩት።

«አካኮ፣ እስከ ዛሬ ልጅ አልነበረም?»

«የእናቱማ ልጅ ነበር። የእግዚአብሔር ነው ዛሬ የሆነው።»

«ስለዚህ እሱም እንደኔ ሆነ?»

አካኮ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «አዎ» አሉኝ። «ዛሬ እንዳንቺ ሆነ።»

እጄን ዘረጋሁና ገመቹን ስጡኝ አልኩ። ገና ከውሃው እንደወጣ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደረቴ ላይ ሳደርገው ማልቀሱን አላቆመም፤ እኔም አልደነገጥኩም።

አካኮ ካረፉ ቆይተዋል። ድርቆሽ ያጨዱበት ሜዳ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ ገመቹም ከእኔ ቁመት አልፎ ራሴን እየነካካ ይቀልድብኛል። እኔ አዲስ አበባ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ትዳሬ ፈርሶ፣ ለዓመታት ቤተክርስቲያን ደጃፍ ሳልረግጥ ኖሬያለሁ። እግዚአብሔርን ተቀይሜ ነበር፤ በኋላ ደግሞ አፈርኩ፣ ኀፍረቱ ከቅያሜው የባሰ አራቀኝ። ልክ ሳልታዘዝ ኩበት እንደለቀምኩበት ሰሞን፣ መጀመሪያ ጥሩ ሰው ልሁንና እሄዳለሁ እያልኩ ስንት ፆም አለፈኝ። አንድ ጠዋት ግን ምንም ሳልሆን፣ ምንም ሳላስተካክል ሄድኩ። ከማላውቃቸው ካህን ፊት ቆምኩ። የት እንደከረምኩ፣ ለምን እንደጠፋሁ ይጠይቁኛል ብዬ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። መስቀላቸውን አነሡና የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የክርስትና ስምሽ ማነው?

«ወለተ ሥላሴ» አልኩ። የሥላሴ ልጅ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማንም አልወሰደብኝም ነበር።