አጠገብዎ ማን አለ?

ሰፈርተኛው ሁሉ «ሄሎ» ይላታል። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስልከኛ ሆና ስለሠራች፣ በር ሲንኳኳም «ሄሎ» ብላ ነው የምትከፍተው ይባላል። ባሏማ «ለእኔ ተራ የሚደርሰኝ መስመር ሲበላሽ ነው» እያለ ይቀልዳል።

ወረርሽኙ ሲገባ ግን ወንበሩ እሾህ ሆነባት። አሥሩም መስመር ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። ጠያቂ ወደ ውስጥ መግባት ስለተከለከለ፣ እናቴ እንዴት አደረች፣ ባሌ እህል ቀመሰ ወይ የሚለው ሁሉ የሚያልፈው በእሷ ጆሮ ነው። መመሪያው ደግሞ አንድ ነው፤ ምንም አትናገሪ፣ ሐኪም ይደውላል በይ። ሐኪሞቹ ግን ግማሾቹ ራሳቸው አልጋ ይዘዋል፤ የቀሩት ውሃ መጎንጫ ጊዜ እንኳ የላቸውም። ማን ይደውል? ተነስታ የስልኩ ሽቦ እስከፈቀደላት ትንጎራደዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች።

ከደዋዮቹ አንዱ በእርጅና ሥራ ያቆሙ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ሚስታቸው ሦስተኛ ፎቅ ተኝተዋል። በየማለዳው ይደውሉና መጀመሪያ ስላስቸገሩ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ይሄ ይቅርታቸው አንጀቷን በላው። ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ በበሩ መስታወት ማየት ጀመረች። ለሰውየው ያየችውን ብቻ ትነግራቸዋለች፤ ዛሬ ቀና ብለዋል፣ ዛሬ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ ዛሬ ከነርሷ ጋር ሲጨቃጨቁ ነበር። ይህን ሲሰሙ ሽማግሌው ሳቁ፤ እንግዲያው ደህና ናት አሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን እግሯ አላርፍ ብሎ ሥራ ሳትጀምር ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። የሴትዮዋ አልጋ ባዶ ነው። ነርሷ ጎህ ሲቀድ ማረፋቸውን ነገረቻት። ወርዳ ሳትቀመጥ ስልኩ ጮኸ፤ ሽማግሌው ናቸው።

«ሐኪም ደውሎልዎታል?» አለቻቸው።

«አልደወለም፣ ልጄ።»

ወደ ሐኪሙ ክፍል አዞረችው። ጠርቶ ጠርቶ የሚያነሳው ጠፋ፤ መስመሩ ተመልሶ እሷው ዘንድ መጣ።

«አባባ፣ አጠገብዎ ማን አለ?»

«ማንም የለም» አሉ። «ለምን ጠየቅሽኝ፣ ልጄ?»

ጥያቄው ራሱ መርዶ እንደሆነ የገባት ያኔ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስልኩን ሳይዘጉ ጎረቤት እንዲጠሩ ለመነቻቸው። የነጠላ ጫማቸው ኮቴ ሲርቅ ሰማች። ዘጠኙ መስመር ይጮኻል፤ አንዱንም አላነሳች። ጎረቤቲቱ ስትመጣ እውነቱን ነገረቻት። ከዚያ ሽማግሌው ስልኩን ተቀበሉ።

«ስታያት የነበርሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «ከሌላ ሰው ከምሰማው ካንቺ ብሰማው ይሻለኛል።» ነገረቻቸው።

ኃላፊዋ ጠርቶ መመሪያ ጥሰሻል ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት፤ ፈረመች። በሳምንቱ ሐኪም ሲያልቅበት ያው ኃላፊ ለየቤተሰቡ እንድታረዳ የሟቾችን ስም ዝርዝር ይዞላት መጣ። እምቢ አላለችም። ብቻ ስልኩን የሚያነሳውን ሁሉ መጀመሪያ አጠገቡ ማን እንዳለ ትጠይቅ ነበር፤ አንድ ቀን ሃያ ሦስት ሰው፣ ሌላ ቀን አርባ።

ወረርሽኙ አለፈ ከተባለ ሦስት ዓመት ሆነው። እሷ ግን ዛሬም ቁጭ ብላ ስልክ ማንሳት አይሆንላትም። ቤት ውስጥ ሲጮህ ባሏ ያነሳዋል፤ እሱ አውርቶ እስኪጨርስ በር ላይ ቆማ ፊቱን ታያለች።