በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ባቡር ዓይኑ ስንት ነው?

እግሬ አያርፍም። ከዳባት ኮሶዬ፣ ከኮሶዬ ጃናሞራ ስል ነው ያረጀሁት። አምና ደግሞ ልጄን ልጠይቅ ድሬዳዋ ወረድሁና ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለውን መንገድ በአዲሱ ባቡር ሄድሁ። ደባርቅ የተመለስሁት ባቡር የተሳፈርሁ ሴት ሆኜ ነው። በእኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ማዕረግ አይደለም፤ እኔም አላሳነስሁትም።

በዚያው ሰሞን የልጅ ልጄ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ልትከፍት ተነሣች። በግራም በቀኝም ሻይ ቤት አለ፤ ሁሉም ግድግዳቸው ላይ ዋልያ አሥለዋል።

«እኔም ዋልያ ካሣልሁ ሰው በየትኛው ቀንድ ይለየኛል?» አለችኝ።

«ባቡር አሣዪ» አልኋት። «ባቡር ያለው ቤት እስከ ጎንደር የለም።»

ሐሳቡ ገባት። የምትከፍተው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን ነበር። በመጀመሪያው ገበያ ሰው ያልተቀመጠበትን ቤት እኛ አገር በሁለተኛውም አይቀመጡበትም፤ «ምን ሰምተው ነው?» እየተባለ ይታለፋል። እሷ ደግሞ ያላት ሁሉ እዚያች ቤት ውስጥ ገብቷል።

ሠዓሊውን ከደረስጌ በኩል አስመጣችው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መሣልን ከአባቱ የተማረ፣ ረጋ ያለ ደብተራ ነው። ባቡር አይቶ አያውቅም። የምቀመጥበት ዱካ አቀረበልኝና «እናቴ፣ መልኩን ይንገሩኝ» አለ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ፊቱን አላየሁትም። የሚጎትተው ራስ ከወዲያ ጫፍ ነበር፤ እኔ በአንድ እጄ የቅቤ ቅል፣ በአንድ እጄ ጥቅሌን ይዤ ስሮጥ ያየሁት ጎኑን ብቻ ነው። ታዲያ ማዕረጌን ይዤ ከተቀመጥሁ በኋላ አላየሁትም ልበል? ያየሁትን ጎን ነገርሁት። ረጅም ነው፣ ልስልስ ነው፣ ጭስ የለውም፣ ከአናቱ ገመድ የመሰለ ነገር ይዞ ይሄዳል፣ ለሾፌሩ በጎን አንድ መስኮት አለው።

እሱም በጎኑ ሣለው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርጎ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው፤ በየጎማው ላይ ሐረግ ጣለበት። የሾፌሩን መስኮት ሲጨርስ ግን እጁ የለመደውን አደረገ፤ ቅንድብና ሽፋሽፍት ሰጠው። ዓይን ሆነ። እኔ ወደድሁት።

ዓርብ ከሰዓት ሃምሳ አለቃ መጣ። ጡረታ የወጣ ወታደር፣ የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በወጣትነቱ ድሬዳዋ ተመድቦ አሮጌውን ባቡር በየቀኑ ያይ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ባቡር።»

«ጭሱስ?»

«ያሁኑ አያጨስም።»

«ጭስ የሌለው ባቡር ጢም እንደሌለው ቄስ ነው። የጥንቱ ግንባር ነበረው፣ ሆድ ነበረው፤ ሲመጣ ሹም መጣ ትያለሽ። ይሄ ያለቀ ሳሙና ነው።»

በር ላይ የቆመ አንድ ወጣት፣ ፈረንጆችን ወደ ተራራው የሚመራ አስጎብኚ፣ ሳቀበት። «አባባ፣ ሞደርን እኮ ነው። የለሰለሰው ንፋስ እንዳይዘው ነው» አለና በስልኩ የውጭ አገር ባቡር አሳየው፤ አፍንጫው የሾለ።

ሃምሳ አለቃ ስልኩን አርቆ፣ ደግሞ አቅርቦ አየው። «ይሄስ አይጥ ነው። እህል የሚሰርቅ።»

እኔ ለሁለቱም «እውነትህን ነው» አልኋቸው፤ ጭቅጭቅ እንዲያልቅ አልወድም። ሃምሳ አለቃ ግን ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ።

«ዓይኑ ስንት ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

ሁላችንም አየን። አንድ ነው።

«በቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። ይሁዳ፣ ሄሮድስ፣ ሰይጣን ናቸው በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣሉት። ነገ ከቅዳሴ የወጣ ሰው ከኃጥእ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ሊጠጣ ነው? እኔ አልጠጣም።»

የልጅ ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ። እሱ ካልተቀመጠ ማንም አይቀመጥም። ደብተራው አፉን በጋቢው ሸፍኖ «እጄ ነው የወሰደኝ» አለ።

«እምዬ» አለችኝ ልጂቱ፣ «ፊት ለፊቱን ስታዪው ስንት ዓይን አለው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መስቀል አላስጨበጡኝም እንጂ ምስክር ሆኜ መቆሜ ነው።

«ሁለት» አልሁ። «ትልልቅ። የመልአክ ዓይን የመሰለ።»

ደብተራው ተከዘ። «እናቴ፣ ፊቱን ለማምጣት ግድግዳውን እንዳለ ማጥፋት አለብኝ። ለነገ አይደርስም።»

«አካሉን ተዉት፤ አንገቱን ብቻ ያዙሩት የኔታ።»

«ባቡር አንገት አለው?»

«ሲታጠፍ አይቼዋለሁ» አልሁ። ይህስ እውነት ነው።

እሱም የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ አስቦ ይመስለኛል፣ አካሉ ወደ ጎንደር እየሮጠ ራሱን ወደ ሰው የመለሰ ባቡር ሣለልን። ሁለት ትልልቅ ጥቋቁር ዓይኖች፣ ከሥራቸው ትንሽ የሚያሳዝን አፍ። ቀለሙ ሳይደርቅ ነጋ።

ቅዳሜ ገበያተኛው በሩ ላይ ይገተር ጀመር። አንዱ ውብ ነው ይላል፣ አንዱ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ፍጥረት አላየሁም ይላል። ገብስ ይዛ የመጣች የጃናሞራ ሴት «ዓይን አፋር ነው፣ ምስኪን» ብላ አዘነችለት። ቆሞ መከራከር ያደክማል፤ ገብተው ተቀመጡ። የተቀመጠ ደግሞ ሻይ ያዛል። ሃምሳ አለቃም ከቅዳሴ መጥቶ ዓይኖቹን አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረና ልክ ከሥሩ ተቀመጠ። «ኃጢአቱ ተሰርዮለታል» አለ። «መልኩ ግን ያው ሳሙና ነው።» አስጎብኚው ይህን ሰምቶ ከነወንበሩ ተጠጋው፤ ክርክሩን ተያያዙት።

እኩለ ቀን ላይ ልጂቱ ወደ ጓዳ ሳበችኝ።

«እምዬ፣ ሃምሳ አለቃ ባቡር እንዲህ ዓይን አይኖረውም ይላል። እውነት ፊቱን አይተሽዋል?»

«ጎኑን» አልኋት።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ውጭ ተመለከተች። መቀመጫ ጠፍቶ ሰው በጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ያልጨረሱት ክርክር ስላለ የሚነሣም የለም።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች። ትሪዋን አንሥታ ልትወጣ ስትል ዞር አለችና «ደግሞም ዝም እንዳትዪ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ ያለችው ልጄ ነይ ስትለኝ ከቅዳሜ ወዲያ እላታለሁ። ቅዳሜ በር ላይ እቀመጣለሁ። ጠዋት ከወጣቶቹ ጋር ሆኜ እንዴት ያለ ቁመና ነው እላለሁ። ነገሩ ሲበርድና ሰው ነጠላውን ሰብስቦ ለመሄድ ሲነሣ ወደ ሃምሳ አለቃ እጠጋና «እኔስ ሳስበው፣ ሳሙናም ይመስላል» እለዋለሁ።