በዕዳ እንኳ ላለመበለጥ

መቀስ የሚሏት በሙያዋ ሳይሆን በምላሷ ነው። ከታናሽ እህቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ማሽን ከማሽን አጋጥመው ልብስ ይሰፋሉ። ሁለቱም ማሽኖች የተገዙት ከአንድ አበዳሪ በተገኘ ብድር ነው፤ ገበያ ከቀዘቀዘ ወዲህም የሁለቱም ክፍያ ተጓቷል። ልዩነቱ ደንበኛው ላይ ነው። በር ከፍቶ የሚገባው ሁሉ መቀስን በሰላምታ አልፎ ታናሽዋ ዘንድ ይቀመጣል። አንዲት ጠበቃ እንኳ፣ ስንት ዘመን የመቀስ ደንበኛ የነበረችው፣ አንድ ጊዜ የጉርዷ ጠርዝ ቢጣመምባት ወደ ታናሽዋ ተሻገረች። ቅናት ማለት ይሄ ነው፤ መቀስ ክር ስታስገባ ዓይኗ መርፌው ላይ ሳይሆን የእህቷ እጅ ላይ ነው።

ብድር አስመላሹ ለሁለቱም ይደውላል። የመቀስ ስልክ ሲጮህ እህቷ እንዳትሰማባት ብድግ ብላ ኮሪደር ትወጣለች።

«ስሚ! ካልከፈልሽ ፖሊስ ይዤ መጥቼ አሳስርሻለሁ! ፎቶሽን በየግድግዳው እለጥፈዋለሁ! ልጅሽ የት እንደምትማር የማላውቅ መሰለሽ?»

ሰፈር የሚፈራው ምላስ እዚህ ላይ ይተሳሰራል። ወደ ክፍሉ ስትመለስ ደግሞ የታናሽዋ ስልክ ይጮሃል፤ ያው ሰውዬ ነው። ታናሽዋ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ጥቂት ትሰማውና «እሺ፣ መልካም ቀን» ብላ ትዘጋለች፤ ማሽኗም ይቀጥላል።

መቀስ እርር ድብን ትላለች። ከዛቻው ይልቅ ያንገበገባት ይሄ ነው። ለእኔ ጅብ የሆነ ሰውዬ ለእሷ እንዴት በግ ይሆናል? አስመላሽ እንኳ እሷን ይወዳል? ምን ብላው እንደሆነ ልትጠይቃት አፏ ድረስ መጣና ዋጠችው። ከታናሽ ምክር ከመለመን ሞቷን ትመርጣለች።

አስመላሹም ሞኝ አይደለም፤ የት ጋ እንደሚያማት ደርሶበታል። አንድ ጠዋት ታናሽዋ ቁልፍና ክር ልትገዛ ወጣ እንዳለች ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ ከች አለ።

«እህትሽ እኮ ዕዳዋን ጨርሳ ከፈለች» አላት። «አንቺ ታላቅ ሆነሽ አታፍሪም? ማሽኑን ስጪንና ዕዳሽን እንሰርዝልሽ። እሷ ሳትመለስ ነጻ ሰው ትሆኛለሽ።»

ጨርሳ ከፈለች የሚለውን ከሰማች በኋላ መቀስ ሌላ ነገር አልሰማችም። የማሽኑን ገመድ በገዛ እጇ ነቅላ ጠቀለለችላቸው። ሲያወጡት እንዳይጋጭ በሩን እንኳ ያዘችላቸው።

ታናሽዋ ተመልሳ ባዶውን ቦታ ስታይ ክሩ ከእጇ ወደቀ።

«እትዬ፣ ማሽንሽስ?»

«ሰጥቼ ተገላገልኩ። ዕዳ መጨረስ ለአንቺ ብቻ ነው እንዴ?»

«እኔ መቼ ጨረስኩ? የእኔም ዕዳ እንዳለ ነው።»

መቀስ በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። «ታዲያ ለምንድን ነው የሚለማመጥሽ?»

«መጀመሪያ እኔንም እንደ ልቡ ዝቶብኛል። ጠበቃዋ ቀሚስ እየለካኋት ሰማችው። ‹ለእንዲህ ያለ ዕዳ ማንም አያስርሽም፤ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ዕቃሽን አይነካም፤ ዛቻው ራሱ ወንጀል ነው፤ ድምፅህን እየቀዳሁ ነው በይው› አለችኝ። አልኩት። በቃ።»

ጠበቃዋ ዘንድ አብረው ሄዱ። ጠበቃዋ ለአበዳሪው ድርጅት ኃላፊ ደወለች፤ ክስ የሚለውን ቃል ደጋግማ አነሳች። በማግስቱ እነዚያው ጎረምሶች ማሽኑን ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው መለሱት። ጎረቤቱም ተሰብስቦ መጣና ታናሽዋን አመሰገናት፤ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣት ነበር!» አለ። መቀስም ከልቧ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። ሆዷ ግን ያው ነበር፤ ማሽኔን እንኳ ያገኘሁት በእሷ ነው ይላል።

ሰው ሲበተን ታናሽዋ ማሽኑን ቦታው እያስተካከለች፣

«ለምን አልጠየቅሽኝም፣ እትዬ?» አለች።

«በዕዳ እንኳ እንዳትበልጪኝ ብዬ ነዋ።»

ታናሽዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ስፌት ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ? ይሄ እጅ እኮ ያንቺ እጅ ነው።»

መቀስ መርፌውን አነሳችና ክሩን በምራቋ አሾለች።

«እሱ እኮ ነው የሚያቃጥለኝ» አለች።