ከአማቴ ጋር የተቀናጀሁባት መኪና

መኪናዬ የሞተችው ከኩልመስክ ገበያ ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሙሉ ሰው ጭኜ ነው። መጀመሪያ አንኳኳች፣ ቀጥላ ጨሰች፣ ከዚያ ዝም አለች። ተሳፋሪው ዕቃውን እያወረደ፣ "አይዞህ፣ የባሰ አያምጣ" እያለኝ በእግሩ መንገድ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ቆመው "የግማሽ መንገዱን መልስልኝ" አሉኝ። መለስኩላቸው። ንዴቴን በማን ልወጣው? ጎማዋን በእርግጫ ብዬ ሳምንት ሙሉ አነከስኩ።

መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ማሳደሻው ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል አለኝ። ያቺ አሮጌ ሚኒባስ ቱሪስት በጠፋበት ጊዜ ገበያተኛ እያመላለሰች ቤቴን የያዘችልኝ ናት። ላሊበላ ላይ መኪና የሌለው ሹፌር ምን ይሠራል? አደባባይ ቆሞ የሰው መኪና ይቆጥራል። ከእቁብ የወጣልኝ ገንዘብ ነበረ፤ ሬሳዋንም ለመለዋወጫ ብሸጣት ጥቂት አገኛለሁ። ሁለቱ ተደምረው ግን ቢገዙ ግማሽ መኪና ነው። ባንክ ጠየቅሁ፤ የቤት ካርታ አስይዝ አሉኝ። እኔ የምኖረው በኪራይ።

ስለዚህ አዲስ አበባ ሄጄ የሰው መኪና ልነዳ ወሰንኩ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ ገና ከአራስ ቤት መውጣቷ ነበር። ስነግራት አላለቀሰችም። ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረች። ምን እንዳሰበች አውቃለሁ፤ አባቷ እሷ ጡት ሳትጥል ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርደው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ሞቱ ይሁን ሌላ ቤት ሠሩ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እናቷ ገነተ ማርያም ግርጌ ያለችውን መሬት አራሽ እየቀጠሩ፣ በቅሎ ለእንግዳ እያከራዩ ብቻቸውን አሳደጓት። እኔ ግን እንደ አባቷ አይደለሁም፣ ገንዘብ እልካለሁ፣ እመለሳለሁ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤቴ በር ተንኳኳ። የባለቤቴ እናት ናቸው፤ የንስሐ አባታቸውንና አንድ ሽማግሌ አስከትለው መጥተዋል። በእኛ አገር አማት ሽማግሌ ይዛ ከመጣች ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጇን ልትወስድ ነው። ደሜ ፈላ። ገና ሳይቀመጡ "እኔ ልጅዎን አላባረርኩም፤ እንጀራ ፍለጋ መሄድ ነውር ከሆነ ይንገሩኝ!" አልኩ።

"ቁጭ በል ልጄ" አሉ ቄሱ። "ማን ምን አለህ?"

አማቴ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው አድርገው ወለሉን ያያሉ። እኔና እሳቸው ከተዛመድን ጀምሮ አንቱ እየተባባልን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ የኖርን ሰዎች ነን። አብረን በልተን እንኳ አናውቅም፤ ስለ ገንዘብ ማውራትማ ከቶ የማይታሰብ ነው። ለዚህም ነው በቄስ አፍ የመጡት።

"እኒህ ሴት ካንተ ጋር መቀናጆ ይፈልጋሉ" አሉ ቄሱ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። መቀናጆ የገበሬ ነገር ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። "አባ፣ እኔ በሬ ከየት አምጥቼ?" አልኩ።

"ግማሽ መኪና አለህ ሲሉ ሰማሁ። እሳቸውም ግማሽ አላቸው።"

ከዚያ ነገሩን ዘረዘሩልኝ። አማቴ አገር የሚቀናበት ሙሉ ጥማድ ነበራቸው። አንዱን በሬና በቅሏቸውን ሸጠዋል። ሙሉ ጥማድ የነበራቸው ሴት በአንድ በሬ ቀርተው፣ ለእርሻቸውም መቀናጆ ከጎረቤት ለምነዋል። ሚስቴ ጓዳ ሆና ስትሰማ ኖሯል፤ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማኝ።

በጣም አፈርኩ። እኔ ደግሞ ሳፍር እቆጣለሁ። "እንዲህማ አይሆንም! ያበድሩኝ፣ እከፍላለሁ" አልኩ።

አማቴ ያኔ ነው ስለ ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው አፍ የተናገሩኝ። "አላበድርም" አሉ። ሽማግሌው "አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ አይሆንም ሲባል አልሰማህም?" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ደንቡ እዚያው ወጣ። አንድ ቀን የእኔ፣ አንድ ቀን የአማቴ። በእሳቸው ቀን የገባው ገንዘብ የእሳቸው፤ ነዳጁንም ባለ ቀኑ ይችላል። ጥገናው እንደ በሬ መኖ ሁለታችንም እኩል የምንችለው ነው። እሳቸው በማርያም ቀን በሬ ስለማይጠመድ መኪናዋም ትረፍ ብለው ድርቅ አሉ። ተሳላሚ የሚጎርፈው ደግሞ በበዓል ነው፤ የእኛ መከር እሱ ነው! ቄሱ ትንሽ አሰቡና "ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ካደረሰች አልሠራችም" ብለው ገላገሉን።

መኪና ለማየት ወልዲያ ስወርድ አማቴ አብሬ ካልሄድኩ አሉ። አውቶቡሱ ከድልብ ቁልቁል ሲጠማዘዝ አንጀታቸው እስኪወጣ አስመለሳቸው። አማት ናቸው፣ ትከሻቸውን አልደግፍ ነገር ነውር ነው፤ ዝም ብዬ ፌስታል አቀብላለሁ። በየመሀሉ አፋቸውን ጠርገው "ይሄ መንገድ ተሠርቷል ነው የሚሉት?" ይላሉ። ሳቅ እያነቀኝ ወልዲያ ገባን።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ነጭ ሚኒባስ ነበር። ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ቀለሙ ፊት ያሳያል። ገብቼ መሪውን ስይዝ ልቤ ሄደ። ከላሊበላ ኤርፖርት እንግዳ ጭኜ ስወጣ፣ ጓደኞቼ ሲያዩኝ ሁሉ ታየኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። አማቴ ራቅ ብለው ቆመው "ይጠመድና እንየው" አሉ።

ደላላው ወደ እኔ ዞረ። "ምን ማለታቸው ነው?"

"ባለቤቱ ራሱ ይዞን ዳገት ይውጣ ማለታቸው ነው።" በሬ የሚገዛ ሰው ሻጩ ጠምዶ አንድ ሁለት ትልም ሳያሳየው ገንዘብ አይፈታም።

ባለቤቱ ነዳጅ የለውም አለ። እኛ እንሞላለን አልነው። ቀጠሮ አለኝ አለ። እንጠብቃለን አልነው። በመጨረሻ "ሴትዮዋ መኪና የሚገዙት ለእርሻ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው "እግዜር ይስጥልን" አሉና መንገድ ጀመሩ። እየነደደኝ ተከተልኳቸው፤ ዳገት የሚፈራ መኪና ላስታ ላይ ምን እንደሚሠራ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቀለሙ ግን አስረስቶኝ ነበር።

ሁለተኛው የአንድ ጡረተኛ ሚኒባስ ነው፤ ሰማያዊው ቀለሙ ደብዝዟል፣ አንድ በሩ በገመድ ታስሯል። ሰውየው ሳይጠየቁ ተነሥተው አስገቡንና ወደ ዳገቱ ወሰዱን። አጋማሹ ላይ መኪናዋ ቅንጥስ ቅንጥስ አለች። "እዚህ ላይ ሁልጊዜ ታስላለች" አሉ፣ "የነዳጅ ማጣሪያዋን ልቀይርላት እያልኩ ነው።" ወርጄ ከሥር ገባሁ፤ ዘይቷን አየሁ፣ ሞተሯን ሰማሁ፤ ሰውየው ያሉት እውነት ነው። አማቴን ዞሬ ሳያቸው እሳቸውም አዩኝ። ዓይን ለዓይን የተያየነው ያኔ ነው።

ሰማያዊዋን ገዛን። የመቀናጆውን ውል የተፈራረምነው እንደገና እኔ ቤት፣ በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ነው። ቄሱ ለወጉ ያህል "መቀናጆው እስከ መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ። በበሬ ሲሆን እርሻ ሲያልቅ በሬውም ወደየቤቱ ይሄዳልና ይህ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ነው። እኔ ጨዋ ልሁን ብዬ "የእሳቸው ገንዘብ እስኪመለስ፤ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው" አልኩ።

አማቴ ሕፃኑን ታቅፈው ነበር። ቀና አሉና "አባቷም ሁመራ ሲወርድ ቀን ቆርጦ ነግሮኝ ነበር" አሉ። "እርስዎ ቀን አይንገሩኝ።"

ቄሱ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። ቀን የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ቀረ፤ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።