የባሻ ደምሴ ጄት

ልጅ ሳለሁ የበደሉኝ ሰው ባሻ ደምሴ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስማቸውን የማነሳው ለሐሜት አይደለም። እንደሳቸው አሳምሮ ተረት የሚያወራ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ የበደለኝን ሰው ማድነቄ ደግሞ እኔኑ መልሶ ያናድደኛል።

ያኔ የምንኖርበት ገርጂ እንዲህ ፎቅ በፎቅ ሳይሆን ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ሜዳ ነበር። ቦሌ ግን ገንዘብ እንደ ጎርፍ ገብቶባት ቪላው እንደ አሸን ይፈላል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ያለው ሁሉ መኪና ይገዛል፣ የገዛውም ሁሉ ያጋጫል። ባሻ የሚኖሩት በዚሁ ግጭት ነበር፤ ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ሆነው የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ያቃናሉ። ከዚያ በፊት ግን ደብረ ዘይት የጦር አውሮፕላን ጠጋኝ ነበሩ። ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች ደጃቸው ላይ ሰብስበው፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ የሚያወሩልን የጅብና የጦጣ ተረት አልነበረም፤ የአንዲት ጄት ታሪክ ነበር።

ጄቷ ጡረታ ወጥታ ሣር ውስጥ ተጥላለች። ጎማዋ ተንፍሷል፣ ሽቦዋን አይጥ በልቶታል፣ ጭራዋ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። አዋቂ ነን የሚሉ መጥተው አይተው «ለቆራሌው ስጧት» ብለዋል። ባሻና ጓደኞቻቸው «ሰማይ ላይ የነገሠች እንዴት ድስት ትሆናለች?» ብለው አለቃቸውን ለመኑ። ከዚያ ብሎን በብሎን ፈቷት፤ እያንዳንዱን ዕቃ አጥበው ሸራ ላይ እንደ እህል አሰጡት፤ የጎደላትን ከሞተች እህቷ ወስደው ሞሉላት፤ የተበላውን ላሜራ ቆርጠው አዲስ ሰፉላት። እዚህ ሲደርሱ ባሻ ኩራዙን ከፍ አድርገው «እሷም የምትጠጣው የዚህችን ነው፤ የላምባ ዘመድ ነው» ይሉናል። እኛም ያቺን ጭል ጭል የምትል ነበልባል እያየን፣ ጄቷ ሰማይ ስትሰነጥቅ ይታየን ነበር።

የተረቱ ልብ ግን ጉሮሮዋ ነው። ጄት በአፏ አየር ትምጋለች፤ አየሩም በረጅምና ጠባብ ጉሮሮ አልፎ ሞተሯ ዘንድ ይደርሳል። ያ ጉሮሮ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁን የሚሸፍነው ላሜራ ሪቬት በሚሉት ሚስማር ይሰፋል፤ አንዱ ከውጭ ሲመታ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ለጥፎ ካልደገፈ ሚስማሩ አይይዝም። ያልያዘ ሚስማር ሰማይ ላይ ተነቅሎ ሞተሩ ውስጥ ከገባ፣ አብራሪው አይመለስም። ከዚያ ሁሉ ወንድ ጉሮሮዋ ውስጥ ትከሻው የሚያስገባው ጠፋ።

«ያኔ» ይላሉ ባሻ፣ «አንድ ቀጭን ወታደር ተነሳ። ብረቱን ታቅፎ በደረቱ እየተሳበ ጨለማው ውስጥ ገባ። እኔ እመታለሁ፣ እሱ ይደግፋል። ጆሮው እስኪደነቁር ድረስ አንዴም ‹በቃኝ› አላለም።»

ከዚያ ሞተሩ ይነሳል፤ መጀመሪያ ታቃስታለች፣ ቀጥላ ታፏጫለች፣ በመጨረሻ ምድሩ ይርዳል፤ ለቆራሌው የተባለችው ጄትም የቢሾፍቱን ሐይቅ ዞራ ፀሐይ ላይ ታበራለች።

እናቴ ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ጆሮዋ ስለሚከብዳት ጮክ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። አንድ ማታ ልትወስደኝ መጥታ ተረቱ ወታደሩ ጋ ሲደርስ ከኋላችን ቆመች። ባሻ አዩዋትና የማይቆሰቆስ አመድ መቆስቆስ ጀመሩ። መንገድ ላይ፣

«እማዬ፣ ወታደሩ ግን እንዴት አልፈራም?» ብዬ ጮህኩላት።

«ማነው አልፈራም ያለሽ? ሽንቴን ልለቀው ነበር!» አለች።

ለካ እኔን ሳትወልድ በፊት እዚያው ጄቶቹ ቤት ጠራጊ ነበረች። ሴት የገባችበት የጦር አውሮፕላን ገደ ቢስ ነው ብሎ አብራሪው እንዳይሸሽ፣ የገባው ወታደር ነው ተባለ፤ ወታደር ሆኖም ቀረ። በራችንን ከንፋስ የምንደግፍበት ብረትም ያው ብረት ኖሯል። «ተይው ልጄ፤ በረረች አይደል?» አለችኝ።

እሷ ተወችው። እኔ መተው አላውቅም፣ ዛሬም አልለመድኩም። በማግስቱ ማታ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት «ባሻ፣ ወታደሩ እናቴ ናት» አልኳቸው። ሳቁ። «እናትሽማ የያዘችው መጥረጊያ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ። ልጆቹም «መጥረጊያ! መጥረጊያ!» እያሉ እስከ ደጃችን ሸኙኝ።

እኔ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅኩም። የዛሬ ሰው ስልኩ ሲሰነጠቅ ይጥላል፣ ሚስቱ ስታረጅም እንደዚያው። እኔ ግን የተጣለ ነገር ሁሉ ጨለማው ውስጥ ገብቶ የሚደግፍለት ካገኘ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ያሳወቁኝም ባሻ ናቸው፣ አልክድም። ከቦሌ አውሮፕላን በተነሳች ቁጥር ዛሬም ቀና ብዬ ጉሮሮዋን እፈልጋለሁ። ባሻም ኋላ ኋላ ሲያወሩ «አንዲት ቀጭን ሴት ተነሳች» ይሉ ጀመር፤ ተረቱም እንደዚያ ሲሆን ይበልጥ አማረባቸው። ደግነት አሸንፏቸው እንዳይመስላችሁ።

እነዚያ ልጆች በሸኙኝ ማግስት ጠዋት፣ እናቴ ወደ ሾላ እስክትወጣ ጠብቄ የበራችንን ብረት ታቀፍኩና በእግሬ ወሎ ሰፈር ወረድኩ። ባሻ በጋራዡ ሰው ሁሉ መሀል የአንድ ታክሲ በር አቁመው ይቀጠቅጣሉ። ብረቱን ሲያዩ መዶሻቸው አየር ላይ ቀረ። እንደምን አደሩም አላልኳቸው። ከበሩ ጀርባ ገብቼ ተንበረከክሁ፣ ብረቱን በሁለት እጄ ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩና፣ እናቴ እንደምትጮኸው ጮኼ «ይምቱ እንጂ፣ ባሻ!» አልኳቸው።