የቮልሷ የኋላ መብራት

ባለቤቴ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ደቡብ ሲላክ አሮጌዋን ቮልስ ለእኔ ትቷት ሄደ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ብቻዬን መንዳት ስጀምር የባሕር ዳር ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ሴት ሹፌር ያኔ ብርቅ ናት። እኔ ደግሞ መምህርት ነኝ፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ አፍጥጦብኝ ስለሚውል የሰው ዓይን ብዙም አያስደነግጠኝም።

መኪናዋን የምፈልጋት ለእናቴ ነበር። እናቴ የምትኖረው ዱርቤቴ ነው። ዓይኗን ታማ ባሕር ዳር ሆስፒታል ትታከም ነበር። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ለመሳፈር ስትጋፋ ወድቃ ክንዷ ተጎዳ። ከዚያ ወዲያ እኔው አመላልሳታለሁ ብዬ ቆረጥሁ። በኩፖን የማገኘውን ቤንዚን ለሌላ ጉዳይ አልነካውም፤ ለእሷ መንገድ አስቀምጠዋለሁ።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ዱርቤቴ ላይ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ቮልሷን ገጫት። የግራ የኋላ መብራቷ እንክትክት አለ። ባሕር ዳር ውስጥ መለዋወጫ ጠፋ፤ አዲስ አበባም ባስጠይቅ የለም ተባልሁ። በመጨረሻ ግሽ አባይ ሰፈር ያለ አንድ መካኒክ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈቱ ሁለት ትልልቅ ክብ መብራቶች አወጣልኝ።

«አንዱን ብቻ ከቀየርሁት ትንሸዋረራለች፤ ሁለቱንም ልለውጥልሽ» አለ።

ለወጣቸው። ከኋላ ስትታይ የደነገጠች ትመስል ነበር፤ ግን ትበራለች፤ ፍሬን ስይዝም ቦግ ትላለች። እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

በሚቀጥለው የቀጠሮ ቀን እናቴን ይዤ ከተማው መግቢያ ላይ ስደርስ አንድ ሃምሳ አለቃ ትራፊክ አስቆመኝ። መኪናዋን ዞሮ አየና ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ ታርጋዬን መፍታት ጀመረ።

«ምን አጠፋሁ?» አልሁት።

«ይኼ መብራት ከፋብሪካ አብሯት የወጣ አይደለም። ሕገወጥ ነው።»

«የታመመች እናቴን ሆስፒታል እያደረስሁ ነው።»

«በእግር ትሂድ።»

እናቴ ዓይኗ በፋሻ እንደተሸፈነ «ልጄ፣ ምንድን ነው የሚለው?» ትለኛለች። መኪናዋን መንገድ ዳር አቁሜ ክንዷን ይዤ በፀሐይ ሄድን። ስንደርስ ሐኪሙ ወጥቷል፤ ቀጠሮው አለፈ። የዚያኑ ቀን ነገሩን እንደማልተወው አወቅሁ።

በማግስቱ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ሃምሳ አለቃው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ሕገወጥ ያሉኝ በየትኛው ሕግ ነው?» አልሁት።

«ሕጉ የታወቀ ነው።»

«ለእኔ አልታወቀኝም። ያሳዩኝ።»

«ነገ ተመለሽ።»

ነገ ስመለስ ስብሰባ ነው። ከነገ ወዲያም ስብሰባ። ትምህርት ቤት ውስጥ የምቀርባት አንዲት መምህርት ለብቻዬ ጠርታ «በዚህ ጊዜ ለመብራት ብለሽ ስምሽን ባታስጠሪ ምናለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ፈርቼ ነበር። በየቢሮው ደጅ ደጋግሞ የሚታይ ሰው «ፀረ አብዮት» ሊባል እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ከክፍል ስወጣ እግሬ ወደዚያው ይሄዳል። ግድግዳው ሥር ቆሜ የተማሪ ደብተር እያረምሁ እጠብቃለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሻምበል፣ ከስብሰባ ሲወጡ አዩኝ።

«ሁልጊዜ እዚህ የምትቆሚው ለምንድን ነው?»

ነገርኋቸው። ሃምሳ አለቃው ተጠርቶ መጣ። «ጌታዬ፣ የጭነት መኪና መብራት በቤት መኪና ላይ አስገጥማለች» አለ።

«የኋላ መብራት ከኋላ የሚመጣው ሰው እንዲያየው አይደል?» አልሁ እኔ። «ከታየ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? እርስዎ ራስዎ ይዩት፤ አይታይም ካሉኝ ዛሬውኑ አስፈታዋለሁ።»

ሻምበሉ ትንሽ አሰቡና መኪናዋ እንድትመጣ አዘዙ። ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሐይቁ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ጥላው ሥር አቆምኋት። እሳቸው መንገዱን ይዘው ሄደው ሄደው ከሩቅ ቆሙና እጃቸውን አነሡ። ፍሬን ያዝሁ። ለቀቅሁ። ደግሜ ያዝሁ። ሐይቅ ዳር የነበሩት ታንኳ ቀዛፊዎች ሳይቀሩ ተሰብስበው ያዩናል። ሻምበሉ ተመልሰው ጎንበስ ብለው ግራውን መብራት በጣታቸው ነኩት።

«በደንብ ይታያል፤ ቅርጹም አያስከስስሽም» አሉ። «ግን እዚህ ጋ ተሰንጥቆ ነጭ ብርሃን ያሾልካል። ከኋላ ነጭ ያየ ሰው ወደ እሱ የምትመጪ ይመስለዋል። ከኋላ ቀይ ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። መካኒኩ ስንጥቁን ቀይ ቀለም ቀብቶት ኖሮ ቀለሙ ተልጧል። አፈርሁ፤ ተናደድሁም። «ቀዩን ሽፋን ብለውጠው ታርጋዬ ይመለስልኛል?» አልሁ።

«ይመለስልሻል።»

ቅዳሜ ጠዋት የተሰነጠቀውን ሽፋን አስፈትቼ ይዤ በአውቶቡስ ወረታ ሄድሁ። እዚያ አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሐጂ እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ሱቃቸው ውስጥ ቁልሉን አብረን ስንበረብር ዋልን። «መምህርት፣ ይኼ ቢሆንስ?» እያሉ ያወጣሉ፤ አንዱ ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል። እጄ በግራሶ ጠቁሮ ተስፋዬ ሊያልቅ ሲል አንድ ያልተሰነጠቀ ሽፋን ከቁልሉ ሥር ወጣ፤ ልኩ ነበር። ስመለስ በሻሼ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያዝሁት።

ሰኞ ሻምበሉ ድጋሚ ከሩቅ ቆመው አዩና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታርጋውን የገጠመው ያው ሃምሳ አለቃ ነው። «አመሰግናለሁ» ስለው መፍቻውን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላም መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ያስቆመኛል፤ መብራቱን ያስበራኛል፤ «እለፊ» ይለኛል። እኔም ሳልነጫነጭ አበራለት ነበር።

ሐኪሙ ለእናቴ ሌላ ቀጠሮ ሰጣት። የቀኝ ዓይኗ ዳነ፤ የግራው ብዙም አልተሻለውም። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ዱርቤቴና ባሕር ዳር አመላለስኋት። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ በዳነው ዓይኗ የመንገዱን ሰው እያየች ማን ማን እንደሆነ ትነግረኝ ነበር።