በዓመት አንድ ሳንቃ

ጎሬ ላይ ሐሜት ከጉሙ ቀድሞ ይነሳል። የአናጢውን የኪቲላን ነገርም መጀመሪያ የሰማሁት በሐሜት ነው። አልዋሽም፤ ጎደል ሲልብኝ ከራሴ ሞላ እያደረግሁ አስተላልፌዋለሁ።

ኪቲላ በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ፣ በጋቢው ሥር አንድ ረጅም ነገር ሸሽጎ የእትዬ በየነችን የጓሮ በር ያንኳኳል። እትዬ በየነች ባላቸው የሞቱባቸው፣ ባለ ሰገነት ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ግማሽ ቀን ቆይቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ድርሽ አይልም። «በዓመት አንዴ የሚመጣ ውሽማ የት አገር ታይቷል?» አልንና «የበየነች መስቀል» ብለን ስም አወጣንለት።

ሰውዬው የዳሪሙ ገጠር ልጅ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በእግሩ ጎሬ ገባ። ሙያውን ያስተማሩት የእትዬ በየነች አባት፣ አናጢው አቶ ሰይፈ ሚካኤል ናቸው። ያንን ሰገነት በእጃቸው የሠሩትም እሳቸው ናቸው። ሲሞቱ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበት የመለኪያ ገመዳቸው ለኪቲላ ደረሰው፤ ከዚያ ወዲህ ሜትር የሚባል ነገር በእጁ አልነካም። ሥራው ቀርፋፋ ነው። በር ያዘዘው ሙሽራ፣ በሩ ሲደርስለት ልጁ ከፍቶለት ይገባል። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ኪሱ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

አምና ከተማችን የቅርስ ጥበቃ ዕቅዷን ልትከልስ ተነሳች። ሴና የምትባል ባለሙያ የድሮውን ዝርዝርና አዲስ ቅጽ ይዛ ከቤት ቤት ትዞር ጀመር። የእትዬ በየነች ቤት በድሮው ዝርዝር ላይ አለ። የቀድሞ አካሉ የጠፋ ቤት ግን ከዝርዝሩ ይወጣል፤ የወጣ እንደሆነ ደግሞ መንገዱ ሲሰፋ ሰገነቱ ይነሳል። እትዬ በየነች ከዚያ ሰገነት ውጪ የአባታቸው መታሰቢያ የላቸውም። ጠዋት ጠዋት ይወጡና የመደገፊያውን ሳንቃዎች አንድ በአንድ ዳስሰው ነው ቀኑን የሚጀምሩት።

ምስክር እንዲሆን ኪቲላ ተጠራ። የጎረቤት ታዛቢም ያስፈልጋል ሲባል እኔን የቀደመ ሰው አልነበረም።

«ጋሽ ኪቲላ፣ እዚህ ጋ ‹እንጨቱ የመጀመሪያው ነው› በሚለው ላይ ይፈርሙልኝ» አለች ሴና።

ኪቲላ ኪሱን ዳበሰ። እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። ቅጹን አየ፣ ሰገነቱን አየ፣ እትዬ በየነችን ግን አላየም።

«ኢንተላ ኮ፣» አለ በኦሮምኛ፤ ቀጥሎ በአማርኛ «ልጄ፣ አልፈርምም።»

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ እትዬ በየነች።

«የመጀመሪያው አይደለማ። ሃያ ሁለቱንም ሳንቃ እኔ ነኝ የቀየርኩት፤ በዓመት አንድ። እንዳይለይ በቡና ገለባ ውሃ እየዘፈዘፍኩ አስረጀዋለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ምስማር ላጠብቅ ነው ስልዎት ዋሽቼዎታለሁ፣ እትዬ። የመጀመሪያው የተሰበረ ለት ‹የአባቴ እጅ ተሰበረ› ብለው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ሌላውም በስብሷል ብዬ እንዴት ልንገርዎት?»

 ሴና ቅጹን ዝቅ አደረገች።

«ጨረስክ?» አሉ እትዬ በየነች።

«ጨረስኩ።»

«ግቡ።»

ተከትለናቸው መኝታ ቤት ገባን። ጎንበስ ብለው የአልጋውን ልብስ ገለጡት። አልጋው ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለሉ አሮጌ ሳንቃዎች ተደርድረዋል። ነቀዝ የበላቸው፣ ጫፋቸው የረገፈ፣ ግን አንድም ያልጎደለ።

«ለማገዶ እያልክ ጓሮ ስትጥላቸው የነበሩት ናቸው» አሉት። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማይጠብቅ ምስማር አለ እንዴ? የአናጢ ልጅ መሆኔን ረሳኸው?»

ኪቲላ ወደ ሰገነቱ ዞረ። «ታዲያ… በየማለዳው የሚዳስሱትስ?»

«የአባቴ እጅማ ይኸው አልጋዬ ሥር ነው» አሉ፣ ልብሱን ወደ ቦታው እየመለሱ። «ጠዋት ጠዋት የማንን እጅ እንደምዳስስ አውቅ ነበር።»

ኪቲላ እርሳሱን መፈለግ ጀመረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ወሬ እጄ ገብቶ፣ ለማንም ላወራው አልፈለግሁም።

ሴና አንዱን አሮጌ ሳንቃ አውጥታ ከሰገነቱ ሳንቃ ጋር አስተያየችው። ኪቲላ በዚያ ባለ ቋጠሮ ገመድ ሁለቱንም ለካላት። ርዝመቱ ያው፣ አቆራረጡ ያው፣ የምስማሩ ቀዳዳ እንኳ ፊት ለፊት ተገናኘ። እንጨቱም ያው ዋንዛ ነው። ልጅቷ ቅጹን ወደ ታች ገፋ አድርጋ አንድ ባዶ ሰንጠረዥ አሳየችን፤ «የጥገና ታሪክ» ይላል።

«ይህ ከተሞላ የቤቱ አካል እንደጠፋ አይቆጠርም፤ እስከ ዛሬ ግን የሞላው የለም» አለች። «ሰባት ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሁሉ ከዝርዝር እንዳይወጣበት ፈርቶ ‹ጫፉን አልነካሁም› ብሎ ይምልልኛል። እውነታቸውን ነው፤ አልነኩትም። ቤቶቹ ግን ሊወድቁ ነው።»

ከዚያ በትላልቅ ፊደል ጻፈች፦ በቀድሞው ልክ፣ በቀድሞው ዓይነት እንጨት፣ በየዓመቱ የታደሰ፤ አሮጌው አካል በቤቱ ባለቤት እጅ ይገኛል። ጠጋኝ፦ ኪቲላ፣ አናጢ።

ኪቲላ ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበው። ስንት በር ሲገጥም የኖረ ሰው፣ ስሙ የትም ተጽፎ አያውቅም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የተከለሰው ዕቅድ ጸደቀ፤ የእትዬ በየነች ቤት ከነሰገነቱ ዝርዝሩ ላይ አለ።

ዘንድሮ መስቀል ሲቃረብ ኪቲላ በዋናው በር መጣ፣ ሳንቃውን ሳይሸፍን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ከመጀመሪያው ሳንቃ እንደገና ሊጀምር ነው። እትዬ በየነች ወጥተው አንዱን ጫፍ ያዙለት። እኛ ከማዶ ቆመን ምን ብለን እንደምናማ ጠፋን።

አንድ ሳንቃ ለመግጠም አንድ ሰዓት ይበቃል። ኪቲላ ግን ያን ቀን ሙሉ ምስማር ሲያጠብቅ ዋለ።